አራተኛውን እንዳትከፍቺው

ኢሕሳን ሁለት ነገር አይሆንላትም ነበር፤ ጨው መመጠንና የተጻፈ ነገር አይቶ ማለፍ። ጦርነቱ መጥቶ ጨው ከመርሳ ገበያ ድራሹ ሲጠፋ ከአንደኛው ተገላገለች። ሁለተኛው ግን በዚያው ዓመት ነው መከራዋን ያበላት። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ያቺ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳታነብ የማትጥል ልጅ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አጠገቧ አስቀምጣ እንዳትገልጠው አደራ ተጣለባት። አደራ ደግሞ እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ሰው አንዴ አደራ በላ ከተባለ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ የሚመልስለት አያገኝም።

መጽሐፉ «የጠመኔው በር» ከሚባለው ተከታታይ ልብ ወለድ አራተኛውና የመጨረሻው ነው። ታሪኩ የሁለት ጓደኛሞች ነው፤ ኤልዳናና ብሌን የሚባሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች። እነዚህ ልጆች ሰው በሌለበት ክፍል ግድግዳው ላይ በጠመኔ በር ይስላሉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲገፉት ይከፈታል። ከበሩ ወዲያ ያለው አገር ወንዙ ሰው ያዋራል፣ ደመናው እንደ በግ ይታገዳል፣ አንድ ክፉ ንጉሥ ደግሞ የሰዎችን ስም እየሰረቀ በማሰሮ ያጠራቅማል። አስማቱ ታዲያ ለብቻ አይሠራም። አንዷ ለብቻዋ ብትስል ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው።

ኢሕሳን እነዚህን መጻሕፍት የምታነበው ከሰላማዊት ጋር ነበር። ሰላማዊት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ አስራ አንደኛ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። አባቷ አቶ ተፈራ መርሳ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ ለዕቃ ወልድያ በወጡ ቁጥር ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ አንድ አንድ ቅጽ እየገዙ ያመጡላቸዋል። ልጆቹ ሕግ አላቸው፦ አንድ ገጽ አንቺ፣ አንድ ገጽ እኔ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ እንጂ ቀድሞ ማንበብ የለም። ኢሕሳን ወላሂ ብላለች፣ ሰላማዊት ማርያምን ብላለች። ሦስቱን ቅጽ እንዲህ አድርገው ጨረሱ።

አራተኛው የደረሰው በ2013 ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ኢሕሳን በዚያ ሰሞን አክስቷ ወልዳ ልትጠይቅ ውርጌሳ ሄዳ ሦስት ቀን ቆየች። ስትመለስ መንገዱ ከወልድያ በሚሸሽ ሰው ተሞልቷል፤ ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ በግ የሚጎትት አለ። አቶ ተፈራ ቤተሰባቸውን ኢሱዙ ላይ እየጫኑ ነበር። ሰላማዊት ከመኪናው ወርዳ እየሮጠች መጣችና በፌስታል የተጠቀለለውን መጽሐፍ ደረቷ ላይ ለጠፈችባት።

«አደራ! እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍቺው። ብቻሽን እንዳታነቢው። ወላሂ በይ!»

«ወላሂ።»

«ማርያምን በይ!»

«ሰላም፣ እኔ ሙስሊም ነኝ እኮ!»

«ቢሆንም በይ!»

ምን ታድርግ፣ አለች። ሰላማዊት ተጠምጥማባት አለቀሰችና መኪናው ላይ ተሰቀለች። ኢሱዙው በደሴ መንገድ ነጎደ።

ያልሄዱት የሰላማዊት አያት እማማ ማሩ ብቻ ናቸው። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሽንኩርት ጆንያ አልጫንም!» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ከተማው ውስጥ ብቻቸውን አይሆኑምና የኢሕሳን እናት ሁሪያ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። ሰንብቶ ተኩሱ ሲበረታ ሁሉም ተያይዘው ከመርሳ ወጣ ብሎ ወዳለው የኢሕሳን አያት፣ የሐጂ ሲራጅ፣ ማሳ ወረዱ። እዚያ ማሽላ አለ፣ ጥቂት የፓፓያ እግር አለ፣ አንድ ሰፊ ጎጆም አለ። ኢሕሳን ልብሷን ረስታ መጽሐፎቿን አራቱንም ይዛ ወረደች። እናቷ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ታነሳለች።

መስከረም ጠባ። ትምህርት ቤት አልተከፈተም፣ መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ወፍጮውም ቆሟል። ያልቀረው ግሪሳ ወፍ ብቻ ነው። ግሪሳ ጦርነት አያውቅ፤ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር እንደ ልማዱ ደመና ሆኖ መጣ። ሐጂ ሲራጅ ለኢሕሳን ወንጭፍ ሰጧትና ማማው ላይ አወጧት፤ የእንጨት ቆጥ ነው፣ ማሳውን ሁሉ ቁልቁል ያሳያል። እሷም በአንድ እጇ ወንጭፉን፣ በሌላው የመጀመሪያውን ቅጽ ይዛ ወጣች።

እማማ ማሩ ከማማው ሥር ጥላው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። «እስቲ ያቺን ልጄን ምሳዋን ያስረሳትን ነገር አንብቢልኝ» አሉ። ኢሕሳን አሰበች። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ያሉት እንደሆነ ከሰላማዊት ጋር ተነብበዋል፤ መድገም ሕጉን አያፈርስም። ጮክ ብላ ጀመረች።

ግድግዳው ተከፍቶ ልጆቹ የገቡበት ገጽ ላይ ስትደርስ እማማ ማሩ ሦስት ጊዜ አማተቡና «ይሄማ የደብተራ ሥራ ነው! ጠበሌን አምጡልኝ» ብለው ራሳቸውንም ባቄላውንም ረጩ። በመሐል ሐጂ ሲራጅ ደረሱ። አስማት የሚለውን ቃል ሲሰሙ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ከቁርኣን አያተል ኩርሲን እስከ መጨረሻው ደገሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየሃይማኖታቸው ሸይጧንን ካባረሩ በኋላ ወደ ማማው ጠጋ አሉ።

«በይ ቀጥያ!» አሉ ሐጂ። «ገቡ ወይስ ፈርተው ተመለሱ?»

እንዲህ ነው የተጀመረው። በሦስተኛው ቀን ከጎን ካለው ማሳ ማማ ላይ አያ ሙሄዲን፣ ሽንኩርት ነጋዴው፣ ንግዱ ቢቆምበት ወፍ ጠባቂ የሆነው የሦስት ልጆች አባት፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። «ኢሕሳንዬ! ጮክ በይ እንጂ! ጥሩ ጥሩውን ንፋስ እየወሰደብን ነው!» ከእሱ ወዲያ ያለው ማማም «እውነቱን ነው!» አለ። ኢሕሳን ጉሮሮዋን ጠራረገች። ድምፅ ደግሞ አላህ አልነፈጋትም።

ወንዙ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ ብሌንን «የማን ልጅ ነሽ?» ያላት ዕለት ጉድ ፈላ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ ግሪሳው ከች አለ። አንድም ወንጭፍ አልተነሳም። ምዕራፉ አልቆ ቀና ሲሉ የሐጂ ማሳ አንዱ ጥግ አገዳው ብቻ ቆሟል።

«ምነው ሸዋ!» አሉ ሐጂ ሲራጅ ራሳቸውን ይዘው። «ተረት እየሰማን እህላችንን አስበላን! አንቺ ልጅ፣ ምን ሁኚ ብዬ ነው ማማ ላይ ያወጣሁሽ?»

«አባባ ሐጂ፣ አንቱም እኮ እዚሁ ነበሩ» አለች ኢሕሳን። «እንዲያውም ዝም በሉ ወንዙን እንስማው ያሉት አንቱ ነዎት።»

ሐጂ ከዘራቸውን አየት አደረጉና ወደ ማሳው ሄዱ። ማታ ግን ሥርዓት አወጡ፦ አንድ ገጽ ባለቀ ቁጥር ሁሉም ማማ በአንድ ላይ ይጮኻል፣ ወንጭፉን ይለቃል፤ ያን ሳያደርግ ቀጣዩን ገጽ የሚሰማ የለም። ከዚያ በኋላ ኢሕሳን «ገጽ!» ስትል በዙሪያው ካሉት ሰባት ማማዎች ድንጋይ እየበረረ «ሃይ! ሃይ!» ይባል ነበር። ግሪሳው ግራ ገባው። ከሩቅ መድፍ ሲያጓራ እንኳ አያ ሙሄዲን «ይሄ የኛ ገጽ አይደለም፣ ቀጥይ» ይላል። ሰው ሳይወድ በግድ ይስቃል። በዚያ ዓመት ሳቅ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ቅጽ ጥቅምት አጋማሽ ላይ አለቀ። ያለቀውም ሰው በሚያሳብድ ቦታ ነው፤ ኤልዳናና ብሌን ከንጉሡ ግንብ ፊት ቆመዋል፣ ጋሻ ጃግሬው ከኋላ እየመጣ ነው፣ ጠመኔያቸው የጥፍር ያህል ቀርታለች። ኢሕሳን ዘጋችው።

«እህስ?» አሉ እማማ ማሩ።

«አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል? ልጆቹን ግድግዳ ሥር አቁሞ?»

«አራተኛ አለ። ግን አደራ ነው፤ ሰላማዊት ሳትመጣ አይከፈትም።»

ከሰባቱ ማማ የተሰማውን ጩኸት ለወፍ እንኳ ጮኸውት አያውቁም። በማግስቱ አያ ሙሄዲን ትልቅ የበሰለ ፓፓያ ይዞ መጣ፤ ኢሕሳን ፓፓያውን በላች፣ መጽሐፉን አልሰጠችም። እናቷ ሁሪያ ሳይቀር እንጨት ሲለቅሙ ጠጋ ብላ «እኔ እናትሽ አይደለሁም? ለኔ ብቻ ሹክ በይኝ» አለቻት።

«እማ፣ እኔም እኮ አላውቀውም!»

እውነቷን ነው፤ አታውቀውም። ከሁሉም ይበልጥ ያቃጠላት ደግሞ እሷን ነበር። ቀን ቀን ሰው ዞር ሲል መጽሐፉን ከፌስታሉ አውጥታ ሽፋኑን ታያለች፣ ታሸታለች፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። አንድ ጊዜ ከፈት አድርጋ «ምዕራፍ» የሚለውን ቃል እንዳየች እንደ ጋለ ብረት ድስት ወረወረችው። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ደሴም ተያዘች ተባለ። እነ ሰላማዊት ከደሴ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ጠፋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኢሕሳን መጽሐፉን ማየት ፈራች። ለማንም ያልነገረችው አንድ ሐሳብ ገባባት፦ ብቻዬን ከከፈትኩት ሰላማዊት አትመጣም ማለት ነው። ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ፈራች።

ሰፈሩ ይህን የት ያውቃል! አያ ሙሄዲን ነገሩን ሽምግልና ላይ አቀረበው፤ እውነቴን ነው። ጁምዓ ከሶላት መልስ ሦስት ሽማግሌ ፓፓያው ሥር ተቀመጡ፣ ሐጂ ሲራጅ መሐል ላይ። ሙሄዲን ቆሞ ከዘራ ተደግፎ አቤት አለ።

«ሽማግሌዎች፣ እኔ መጽሐፍ ይሰጠኝ አላልኩም። ይነበብልኝ ነው ያልኩት። ሁለት ሕፃናት ግንብ ሥር ቆመዋል። ሦስት ሳምንታቸው ነው! እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«እኔም ቃል አለኝ» አሉ እማማ ማሩ። «የአደራው ባለቤት የልጅ ልጄ ናት። እሷ ከሌለች ወራሿ እኔ ነኝ። ፈቅጃለሁ፤ ይከፈት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ክርክሩ ጥሩ ነበር። ሐጂ ሲራጅም፣ አላህ ያውቃል፣ ልባቸው ግንቡ ሥር ነው። «ኢሕሳን፣ ተነሺ። ምን ትያለሽ?»

ኢሕሳን ተነሳች። ሻሿን አጠበቀች።

«እማማ ማሩ፣ ወራሽ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው» አለች። «ሰላም አልሞተችም። እሷ በሌለችበት ከከፈትኩት አትመጣም ብዬ ፈረድኩባት ማለት ነው። ሌላውን እዘዙኝ። ይህን ግን እኔ አልፈርድም።»

እማማ ማሩ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ። አያ ሙሄዲን ከዘራውን መሬት አስቀምጦ «እኔ ክሴን አንስቻለሁ» አለ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ፦ «ባለቤቷ እስክትመጣ ይቆይ። ማሽላው ታጭዶ ቢያልቅም ይቆይ። አላህ በሰላም ያምጣት በሉ።» ሁሉም አሚን አለ፤ እማማ ማሩ ከሁሉም ጮክ ብለው።

ማሽላው ታጨደ። ታኅሣሥ ገባ። አንድ ጠዋት መርሳን ይዘው የነበሩት ተዋጊዎች ወጥተው አደሩ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ የሸሸው ሰው እንደ ወረደው ይመለስ ጀመር። እነ ኢሕሳን ውድማ ላይ ማሽላ ይወቃሉ። ኢሕሳን ቀና ስትል በአገዳው መሐል አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ትልቅ የወንድ ጃኬት ለብሳ፣ እየተደናቀፈች ትመጣለች።

ኢሕሳን ዱላውን የት እንደጣለችው አታውቅም። ሁለቱ ተጋጭተው ወደቁ ማለት ይቀላል። «እንዴት ከሳሽ!» «አንቺ ጠቆርሽ!» «የት ነበርሽ?» «ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ምኑን ልንገርሽ!» እማማ ማሩ እልል እያሉ መጥተው የልጅ ልጃቸውን ፊት፣ እጅ፣ ጣት አንድ በአንድ ሳሙ። ገና ውሃ እንኳ ሳይሰጧት አያ ሙሄዲን ከአገዳው ክምር ጀርባ ብቅ አለ።

«እንኳን አላህ ለዚህ አበቃሽ ልጄ። መጽሐፉ ይምጣ?»

ሰላማዊት ሳቋ ቀጥ አለ። «ዛሬ... ዛሬ ይቅር። ደክሞኛል።»

«ቁጭ ብለሽ ነው የምታነቢው፣ ምን ያደክምሻል?» አሉ የገዛ አያቷ። ሰዉ ሁሉ አገዳ እየጎተተ መቀመጫ ሠራ። ኢሕሳን መጽሐፉን ከነፌስታሉ አመጣችና ሰላማዊት ፊት ፈታችው። «ይኸው። አላነበብኩትም። ልክ እንደሰጠሽኝ ነው።» ይህን ስትል ኩራቷ ከማማው ይበልጥ ነበር።

አንድ ገጽ ሰላማዊት፣ አንድ ገጽ ኢሕሳን። ግንቡ ተከፈተ፣ ስሞቹ ከየማሰሮው ወጡ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ሰላማዊት ግን ገጽ በገጽ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ኤልዳናና ብሌን ከጦሩ አምልጠው ዛፍ ሥር ብርቱካን ይበላሉ፤ ኤልዳና ፍሬውን ብሌን ላይ እየተፋች ትቀልዳለች። ኢሕሳን እያነበበች ትስቃለች፣ ሰውም ይስቃል። ዞር ስትል ሰላማዊት ፊቷ በእንባ ታጥቧል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ብርቱካን ሲበላ ምን ያስለቅሳል?» አለች ኢሕሳን። መጽሐፉን አየች፣ ጓደኛዋን አየች። «ሰላም። ቀጥሎ ያለውን ታውቂዋለሽ።»

ሰላማዊት መሬት መሬት አየች።

«አንብበሽዋል! ውርጌሳ የሄድኩ ጊዜ!» ኢሕሳን ብድግ አለች። «አራት ወር! አራት ወር እንደ ጾመኛ ሽፋኑን እያየሁ! ሽምግልና ቆሜ! ማርያምን እኮ አስብለሽኛል፣ ሙስሊሟን ልጅ!»

«ሱብሐነላህ!» አሉ ሐጂ። አያ ሙሄዲን ጭኑን መታ። «አደራ ሰጪዋ ራሷ ቀድማ በልታዋለቻ!»

«አንድ ገጽ ብቻ ልይ ብዬ ነበር» አለች ሰላማዊት እየተነፋረቀች። «ከዚያ ነጋ። ስትመጪ ልነግርሽ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር፤ ግን ስትመጪ መኪናው ተጭኖ ነበር። ብሌን... ብሌን አትመለስም። በሩ እንዳይዘጋ አንድ ሰው ከወዲያ ሆኖ መያዝ አለበት። ኤልዳናን አሳልፋ እሷ እዚያው ትቀራለች። እኔ መኪና ላይ ልወጣ ነው፣ አንቺ ቀርተሻል። የት እንዳለሁ ሳታውቂ፣ ብቻሽን ሆነሽ ይህን ስታነቢ ታየኝ። አልቻልኩም። ለዚህ ነው።»

«ያ ረቢ» አለ አያ ሙሄዲን ቀስ ብሎ። «መጨረሻውን ነገረችን እኮ!»

ውድማው በሳቅ ተናጋ። ኢሕሳን ግን አልሳቀችም። በጣም ተናዳለች። ከንዴቷ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ይህቺ ልጅ ነፍሷን ይዛ ስትሮጥ እንኳ የእኔን ልብ ስታስብ ነበር የሚል። የትኛውን እንደምታስቀድም ጠፋባት። በመጨረሻ ከጎኗ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ወደዚያ በይ፤ ያንቺም የኔም ተራ የለም። እኔ ነኝ የማነበው።»

አነበበችውም። ብርቱካኑን ጨርሰው ሲነሱ፣ በሩን ሲስሉ፣ ብሌን ኤልዳናን ገፍታ ስታሳልፍ፣ ጠመኔው ሲጠፋ። አንድም ቃል ሳትዘል አነበበች። ሐጂ ሲራጅ የውድማው ገለባ ዓይናቸው ውስጥ እንደገባ አስታወቁ። እማማ ማሩ «ይቺን የጻፈች ሴት፣ ልጅ ሩቅ ልካ አታውቅ ይሆን? ምናለ ብትመልሳት!» እያሉ አፍንጫቸውን ያብሳሉ።

ኢሕሳን መጽሐፉን ዘግታ ቀና አለች። ሰላማዊት እዚያው ናት፤ በዚያ ትልቅ ጃኬት ውስጥ፣ ፀጉሯ ላይ ገለባ ተሰክቶ። ያኔ ኢሕሳን አለቀሰች። መንገዱ ሲዘጋ ያላለቀሰች፣ ደሴ ተያዘች ሲባል ያላለቀሰች፣ ሽማግሌ ፊት ያላለቀሰች ልጅ፣ አራት ወር ያጠራቀመችውን በአንድ ጊዜ ለቀቀችው።

«አለሁ እኮ» አለቻት ሰላማዊት ጭንቅላቷን እየዳበሰች። «ኢሕሳንዬ፣ መጥቻለሁ እኮ።»

«ለብሌን ነው» አለች ኢሕሳን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ላንቺ እንዳይመስልሽ።»

ማንም አላመናትም።